የኦዞን ቁጥር ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት የምድር ወገቡን ነፋስ ፈትሹ፦ በኤክሴል ብቻ የሚሠራ መመሪያ

«ዘንድሮ ኦዞን ተጎዳ» የሚል ዜና ይወጣል፤ በዓመቱ ደግሞ «ኦዞን አገገመ» የሚል ይከተላል። በመሀል የሚነሳውን ጭቅጭቅ ታውቁታላችሁ። አንዱ ፋብሪካ ይረግማል፣ ሌላው ስምምነት ያወድሳል፣ ሦስተኛው ነገሩ ሁሉ ውሸት ነው ብሎ ይገላገላል። ከምድር ወገብ በላይ በ25 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ በዚያ ወር ነፋሱ ወዴት ይነፍስ ነበር ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም።

ጥያቄው ቀልድ አይደለም። ይህ ነፋስ ብቻውን በምድር ወገብ አካባቢ ያለውን ኦዞን በ4 በመቶ ገደማ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል፣ ያውም በአንድ በሁለት ዓመት ውስጥ። ኦዞን የሚጎዱ ኬሚካሎችን ከሚያግደው ከ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነት በኋላ የሚጠበቀው ማገገም ግን ዋልታዎቹን ትተን ስናየው በአስር ዓመት 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ሁለት ዓመት አነጻጽሮ፣ የነፋሱን ድርሻ ሳይቀንስ፣ «ዳነ» ወይም «ተጎዳ» ማለት ግምት እንጂ ልኬት አይደለም። እዚህ የማሳያችሁ የነፋሱን ድርሻ ራሳችሁ እንዴት እንደምታወጡት ነው። ኢንተርኔትና ኤክሴል ካላችሁ ይበቃል። ፕሮግራም መጻፍ የሚችል ሰው ቶሎ ይጨርሰዋል፣ ግን ግዴታ አይደለም። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው፤ ፋይሎቹም በዚያው ስለሚመጡ ወራቶቹንም በፈረንጅ ስማቸው እጠራቸዋለሁ።)

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ነፋሱን እወቁት

ከምድር ወገብ በላይ፣ ከ17 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ባለው የስትራቶስፌር (ኦዞኑ የሚበዛበት የላይኛው የአየር ንብርብር) ክፍል፣ ነፋሱ ለአንድ ዓመት ያህል ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። ከዚያ ይገለበጥና ሌላ አንድ ዓመት ያህል ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይነፍሳል። ሙሉው ዙር በአማካይ 28 ወር ይፈጃል። ባለሙያዎቹ ኪው-ቢ-ኦ (QBO፣ «ሁለት ዓመት ገደማ የሚፈጅ መመላለስ» እንደማለት) ይሉታል፣ እኔም እንደነሱ እጠራዋለሁ። በጋና ክረምትን ተከትሎ አይሄድም። አንዱ ዙር በሁለት ዓመት ያልቃል፣ ሌላው ሦስት ዓመት ሊጠጋ ይችላል።

ሰዎች ይህን ለማወቅ ብዙ ጊዜ ወስዶባቸዋል። በ1883 የኢንዶኔዥያው እሳተ ገሞራ ክራካታው ሲፈነዳ አቧራው በሁለት ሳምንት ገደማ ዓለምን ዞረ፤ አካሄዱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነበር። በቃ፣ እላይ ያለው ነፋስ ምሥራቃዊ ነው ተባለ። በ1908 አርተር በርሰን ምሥራቅ አፍሪካ ላይ ፊኛ ሲለቅ ደግሞ ነፋሱ ከምዕራብ ሆኖ ተገኘ። ለሃምሳ ዓመት ገደማ ሁለቱ ነፋሶች በተለያየ ቦታ ጎን ለጎን እንዳሉ ሲታሰብ ቆየ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው አሜሪካዊው ሪቻርድ ሪድ በአንድ በኩል፣ እንግሊዛውያኑ ቬርያርድና ኤብደን በሌላ በኩል፣ እዚያው አንድ ቦታ ላይ ተራ እየገቡ እንደሚነፍሱ ያሳዩት።

መነሻው ከታች ነው። የሐሩር ቀበቶው ትልልቅ ደመናና ነጎድጓድ ሞገድ ይፈጥራል። ሞገዶቹ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ እኩል የሚፈጥናቸው ነፋስ ጋ ሲደርሱ ይሰበራሉ፣ የተሸከሙትንም ግፊት እዚያው ያራግፋሉ። የሚያራግፉት ከነፋሱ ግርጌ ላይ ስለሆነ ነፋሱ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይወርዳል። ይህን ሐሳብ ሊንድዘንና ሆልተን በ1968 አቀረቡት፤ በ1978 ደግሞ ፕላምና ማክዩዋን ጨዋማ ውሃ በሞላ ክብ ገንዳ ውስጥ፣ ግርጌውን ወደ ላይና ወደ ታች እያወዛወዙ፣ ውሃው ራሱ አቅጣጫ እየቀያየረ ሲዞር አሳዩ። ይህን ሙከራ በጣም እወደዋለሁ። ግርጌው የሚወዛወዘው በፍጥነት ነው፣ የሚወጣው ውጤት ግን ረጅምና ዘገምተኛ ዙር ነው።

ሁለት ነገር ያዙ። ነፋሱ በወር 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወርዳል። «ምዕራባዊ» ሲባል ደግሞ ከምዕራብ የሚመጣ ማለት ነው፣ በፋይሎቹም ላይ በመደመር ምልክት ይጻፋል።

ደረጃ 2፦ የነፋሱን ፋይል አውርዱ

ኪው-ቢ-ኦን ለመለካት ዓለም በዋናነት የሚያየው ሲንጋፖርን ነው። ለምድር ወገብ በጣም ቅርብ ናት፣ የአየር ሁኔታ ፊኛም ሳያቋርጥ ይለቀቅባታል። የበርሊን ነፃ ዩኒቨርሲቲ ይህን መረጃ ለብዙ ዓመታት ሲያጠናቅር ኖሯል፣ በቅርብ ዓመታት ሥራውን የካርልስሩኸ የቴክኖሎጂ ተቋም ይዞታል። መዝገቡ ከ1953 ይጀምራል፤ መጀመሪያ በፓስፊኳ ካንተን ደሴት፣ ቀጥሎ በማልዲቭሷ ጋን፣ ከ1976 ወዲህ በሲንጋፖር።

የአሜሪካው የአየር ንብረት ትንበያ ማዕከልም የ30ና የ50 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ከፍታው ይጨምራል) ነፋስ በወር በወር ያወጣል። እሱ ቀለል ያለ ነው። እኔ ግን የሲንጋፖሩን ምረጡ እላለሁ፣ ምክንያቱም ከ70 እስከ 10 ሄክቶፓስካል ድረስ ሰባት የከፍታ ደረጃ አለው፤ የነፋሱን አወራረድ የምታዩት ደግሞ ደረጃው ሲበዛ ነው።

ፋይሉን ስትከፍቱ የሚያደናግሩ ነገሮች አሉ። ቁጥሮቹ በሰከንድ አንድ አስረኛ ሜትር ስለሆኑ ለ10 አካፍሏቸው፤ ‑153 ካያችሁ በሰከንድ 15.3 ሜትር የሚነፍስ ምሥራቃዊ ነፋስ ነው። ዓመቱ በሁለት አሃዝ ስለተጻፈ 53 ማለት 1953 ነው፣ ኤክሴል በራሱ እንዲገምት አትተዉት። ከፍታው በግፊት ነው የተሰጠው፦ 70 ሄክቶፓስካል 18.5 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ 50 ወደ 20.5፣ 30 ወደ 24፣ 10 ደግሞ ወደ 31።

ደረጃ 3፦ ሥዕሉን ሥሩ

ወራቱን በአግድም ደርድሩ፣ ደረጃዎቹን በቁመት፤ 10 ከላይ፣ 70 ከታች ይሁን። ከዚያ ኤክሴል ቁጥርን አይቶ ሴሉን ቀለም እንዲቀባ እዘዙት፦ መደመር ቀይ፣ መቀነስ ሰማያዊ።

ቀይና ሰማያዊ ጥብጣቦች ከላይ ጀምረው በሰያፍ ወደ ታች ሲንሸራተቱ ታያላችሁ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉ፣ ምክንያቱም ሥዕሉ ያለ ምንም ስሌት ብዙ ይናገራል። ሰማያዊው ከቀዩ ይበረታል፤ ምሥራቃዊው ነፋስ በሰከንድ 30 ሜትርና ከዚያም በላይ ሲደርስ ምዕራባዊው ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 አካባቢ ነው። ቀዩ ቶሎና ሳያመነታ ይወርዳል። ሰማያዊው ግን መንገድ ላይ ቆሞ ይውላል፣ በተለይ ከ30 እስከ 50 ሄክቶፓስካል ባለው ክፍል። በዚህም የተነሳ ከላይ ሰማያዊው ይረዝማል፣ ከታች ቀዩ።

ሌላም አለ። አንዱን ወር ይዛችሁ ከላይ እስከ ታች ብታነቡት ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ቀለም ታገኛላችሁ። ስለዚህ «አሁን ኪው-ቢ-ኦ ምዕራባዊ ነው» የሚል ሰው የትኛው ከፍታ ላይ እንደሆነ ካልነገራችሁ ምንም አልነገራችሁም።

ደረጃ 4፦ ኦዞኑን አምጡ

ኦዞን የሚለካው በዶብሰን ነው። ከራሳችን በላይ ያለውን ኦዞን በሙሉ ሰብስበን መሬት ላይ በዜሮ ዲግሪና በመደበኛ ግፊት ብናነጥፈው፣ እያንዳንዱ አንድ መቶኛ ሚሊ ሜትር ውፍረት አንድ ዶብሰን ነው። የዓለም አማካይ 300 አካባቢ ነው፣ ይኸውም የሦስት ሚሊ ሜትር ንጣፍ። በምድር ወገብ ከዚህ ያንሳል፣ ወደ 260 ገደማ። ከ220 ሲወርድ «የኦዞን ቀዳዳ» ይባላል።

ናሳ የተለያዩ ሳተላይቶችን ልኬት አዋህዶ፣ ዓለምን በ5 ዲግሪ ኬክሮስ ቀበቶዎች ከፍሎ፣ በየወሩ አማካይ ያወጣል። ለጀማሪ ይህ በቂ ነው። ፋይሉ ከ1970 ይጀምራል፣ ግን የ1970ዎቹ ልኬት ሳሳ ያለ ስለሆነ ከ1979 ጀምሩ። ከምድር ወገብ በስተሰሜንና በስተደቡብ ያሉትን ሁለት ቀበቶዎች ወስዳችሁ አማካያቸውን ያዙ።

ባዶ ወራት አሉ። ፋይሉ አናት ላይ ባዶው በምን ምልክት እንደተጻፈ አንብቡና ሴሉን ባዶ አድርጉት። የባዶ ምልክት እንደ ቁጥር ተቆጥሮ አማካይ ውስጥ ከገባ የቀረው ሥራ ሁሉ ገደል ይገባል።

ደረጃ 5፦ ወቅቱን አውጡ

ኦዞን በየዓመቱ ከወቅት ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። እኛ የምንፈልገው ያንን አይደለም። ስለዚህ ለአስራ ሁለቱም ወራት የየራሳቸውን የረጅም ጊዜ አማካይ አስሉ፤ የጃንዋሪዎች ሁሉ አማካይ፣ የፌብሩዋሪዎች ሁሉ አማካይ፣ እያላችሁ። «አቨሬጅኢፍ» (AVERAGEIF) የሚባለው ፎርሙላ በአንድ ጊዜ ይሠራዋል። ከዚያ ከእያንዳንዱ ወር የወሩን አማካይ ቀንሱ። ለምሳሌ የጃንዋሪ አማካይ 250 ቢሆንና የአንዱ ዓመት ጃንዋሪ 258 ቢሆን፣ በእጃችሁ የሚቀረው +8 ነው። ከዚህ በኋላ የምንሠራው በዚህ ልዩነት ብቻ ነው።

ነፋሱ ላይ ይህን ማድረግ አያስፈልግም፤ ወርሃዊ ልማዱ ትንሽ ነው።

ደረጃ 6፦ ደርቡና ተመልከቱ

የኦዞኑን ልዩነትና የ30 ሄክቶፓስካሉን ነፋስ አንድ ግራፍ ላይ አድርጉ፣ ነፋሱን በቀኝ በኩል ባለው ሁለተኛ መለኪያ። ሁለቱ መስመሮች አብረው ሲወጡና ሲወርዱ ታያላችሁ። ነፋሱ ምዕራባዊ ሲሆን ኦዞኑ በ10 ዶብሰን ገደማ ከፍ ይላል፣ ምሥራቃዊ ሲሆን በዚያው ያህል ይወርዳል። ፍጹም አይገጥሙም፤ እንዲገጥሙም አትጠብቁ።

ለምን? ነፋሱ ኦዞን አግዞ አያመጣም። በምድር ወገብ ዙሪያ ቢሽከረከር ያው አንዱን አየር ያዞራል እንጂ። ቁልፉ የሙቀት ሚዛን ነው። ምዕራባዊው ነፋስ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የሚጠነክርበት ንብርብር አለ፤ ይህ ንብርብር ባለበት እንዲቆይ ምድር ወገብ ላይ ከግራና ቀኙ ሞቅ ማለት አለበት። አየሩ ደግሞ ሞቆ የሚቆየው እየሰጠመ ሲታመቅ ነው። ስለዚህ አየሩ ወደ ታች ይወርዳል፣ ወይም በትክክል ለመናገር፣ ሁልጊዜ ያለው ዝግ ያለ ወደ ላይ የመውጣት ጉዞው ይበልጥ ይዘገያል። በምሥራቃዊው ተቃራኒው ይሆናል፤ ይቀዘቅዛል፣ መውጣቱም ይፈጥናል።

አሁን ኦዞኑን አስገቡ። በታችኛው ስትራቶስፌር ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ውስጥ ያለው የኦዞን ድርሻ ይጨምራል። አየሩ ሲሰጥም ከላይ ያለውን ሀብታም አየር ይዞ ይመጣል። ከ28 ኪሎ ሜትር በታች ኦዞን ረጅም ዕድሜ ስላለው የመጣው እዚያው ይቀመጣል። ከዚያ በላይ ደግሞ የፀሐይ ጨረር የጎደለውን ቶሎ ይተካዋል። ከታች ተጨመረ፣ ከላይ ግን አልጎደለም፤ ድምሩ ከፍ አለ ማለት ነው። የመደመሩ ምስጢር ይኸው ነው።

ቁጥር ከፈለጋችሁ «ኮሬል» (CORREL) በሚባለው ፎርሙላ የሁለቱን አምዶች ዝምድና አስሉ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር እያላችሁ አንዱን አምድ ወደፊትና ወደኋላ ገፋ አድርጉና የት ላይ እንደሚጠነክር እዩ። በ50 ሄክቶፓስካልም ድገሙት። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ 45 ዓመት 540 ወር ነው ብላችሁ አትኩሩ። ወር ከወር ጋር ተያይዞ ስለሚሄድ በእጃችሁ ያለው እውነተኛ ማስረጃ 19 ዙር ያህል ብቻ ነው።

ደረጃ 7፦ ከምድር ወገብ ራቅ በሉ

ይህን ደረጃ ሁሉም ሰው ይዘለዋል፣ ለእኔ ግን ከመመሪያው ሁሉ ጣፋጩ ክፍል ነው። ያንኑ ስሌት ለ10 ዲግሪ፣ ለ15፣ ለ20፣ ለ25፣ ለ30 ድገሙት፣ በሰሜንም በደቡብም። ዝምድናውን በኬክሮስ ላይ ደርድሩ። ምድር ወገብ ላይ መደመር የነበረው ቁጥር 15 ዲግሪ አካባቢ ዜሮ ይነካና ከዚያ ወዲያ መቀነስ ይሆናል። በመሀል የሰጠመ አየር በጎን መውጣት አለበትና፣ ምድር ወገብ ሲያገኝ ጎረቤቱ ያጣል።

ስለዚህ «በምዕራባዊ ነፋስ ኦዞን ይጨምራል» ብላችሁ ለዓለም በሙሉ እንዳታውጁ። የት እንደሆነ አብራችሁ ተናገሩ።

እዚህ ወቅቱም ይገባል። ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ቀበቶ ምልክቱ ጠንክሮ የሚታየው ክረምት (የዝናቡ ሳይሆን የፈረንጆቹ ቀዝቃዛ ወቅት) ላይ ባለው ንፍቀ ክበብ ነው። ልዩነቱን በወቅት ከፍላችሁ አስሉት፦ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ለብቻ፣ ከጁን እስከ ኦገስት ለብቻ። የ28 ወሩ ዙር ከ12 ወሩ ዓመት ጋር ሲጋጭ 20 ወር አካባቢ የሚመላለስ ሌላ ዙርም ይወልዳል። ራቅ ባሉት ኬክሮሶች እሱን ካያችሁ አትደንግጡ፣ ስሌታችሁ አልተበላሸም።

ደረጃ 8፦ ዋልታዎቹ

እዚህ ላይ መንገዱ ሌላ ነው። በ1980 ሆልተንና ታን አንድ ነገር አሳዩ፦ በ50 ሄክቶፓስካል ላይ የምድር ወገቡ ነፋስ ምሥራቃዊ በሆነበት ክረምት የሰሜን ዋልታው አዙሪት (በክረምት ዋልታውን የሚዞረው ብርቱ ነፋስ) በአማካይ ይደክማል፣ ይሞቃልም። ምሥራቃዊው ነፋስ ከታች የሚመጡትን ግዙፍ ሞገዶች ወደ ምድር ወገብ እንዳይበተኑ ስለሚያግድ ሞገዶቹ ወደ ዋልታው ይታጠፋሉ፣ አዙሪቱንም ይመቱታል። አዙሪቱ ሲደክም ከሐሩር ቀበቶ የመጣ ኦዞን ይገባበታል። ሲሞቅ ደግሞ ኦዞን አጥፊውን ክሎሪን የሚቀሰቅሱት የዋልታ ደመናዎች፣ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ገደማ ቅዝቃዜ የሚፈልጉት፣ ይቀንሳሉ። በደቡብም በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ተመሳሳይ ነገር ይታያል፣ ምሥራቃዊ ዓመት ላይ ቀዳዳው ጠበብ ያለ ይሆናል።

«በአማካይ» የምትለዋን ቃል አስምሩባት። በሴፕቴምበር 2002 የአንታርክቲካው አዙሪት ለሁለት ሲሰነጠቅ ማንም አልጠበቀውም ነበር፤ የዚያ ዓመት የሞገድ ጉልበት ሁሉን ነገር ዋጠው። አሠራሩ ይህ ነው፦ ለእያንዳንዱ ዓመት ለሰሜን የማርችን፣ ለደቡብ የኦክቶበርን ኦዞን ውሰዱ (የናሳው ልኬት በፀሐይ ብርሃን የሚሠራ ስለሆነ የዋልታው ጨለማ ወራት ባዶ ናቸው)፣ ከዚያ በ50 ሄክቶፓስካሉ ነፋስ ዓመታቱን ሁለት ክምር አድርጉና አማካያቸውን አነጻጽሩ። በየክምሩ ውስጥ ያለው ልዩነት በክምሮቹ መካከል ካለው ቢበልጥ አይግረማችሁ።

ደረጃ 9፦ ሌሎቹን ጥፋተኞች ለዩ

እሳተ ገሞራዎቹ ኤል ቺቾን በ1982፣ ፒናቱቦ በ1991 ፈንድተዋል፤ ከእነሱ በኋላ ያሉትን ሁለት ሁለት ዓመታት አውጡና እንደገና አስሉ። ኤል ኒኞ የሐሩሩን አየር ወደ ላይ ያፈጥናል፣ ኦዞኑን ያወርዳል። የፀሐይ የ11 ዓመት ዙርም አለ። ክሎሪን ደግሞ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ኦዞኑን ሲጎትት ቆይቶ ከዚያ ለቀቅ እያደረገ ነው፤ ለዚህ 1997 ላይ የሚታጠፍ መስመር ይበቃል።

ሁሉንም በአንዴ ሪግሬሽን (የእያንዳንዱን ድርሻ ለይቶ የሚያወጣ ስሌት) ውስጥ አስገቧቸው። ነፋሱን ግን በአንድ ደረጃ ብቻ እንዳታስገቡት። 10ንም 30ንም አስገቡ። በመካከላቸው 7 ኪሎ ሜትር አለ፣ ነፋሱ በወር አንድ ኪሎ ሜትር ስለሚወርድ አንዱ ከሌላው 7 ወር ይዘገያል፣ ይህም የ28 ወር ሩብ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው ዙሩን በየትኛውም ምዕራፉ ላይ ይይዙታል፤ በስንት ወር ልግፋው የሚለው ጣጣም ይቀርላችኋል።

አሁን የነፋሱን ድርሻ ከኦዞኑ ቀንሱና የቀረውን ሥሉ። መጀመሪያ ላይ ትልቅ አደጋ ወይም ትልቅ ድል ይመስሉ የነበሩ ጉብታዎች ብዙዎቹ ሲሟሙ ታያላችሁ። ስለ ማገገም መከራከር የሚቻለው በዚህ በቀረው መስመር ላይ ነው።

ደረጃ 10፦ ዙሩ የተሰበረባቸው ጊዜያት

በፌብሩዋሪ 2016 ያልታየ ነገር ታየ። በ40 ሄክቶፓስካል ላይ፣ ምዕራባዊው ነፋስ መሀል፣ ድንገት ምሥራቃዊ ነፋስ በቀለ። ከላይ አልወረደም፤ ከሰሜን የመጡ ሞገዶች ናቸው በጎን የገቡት። ከ1953 ጀምሮ በተያዘው መዝገብ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ሰዉ አንድ ጊዜ የሆነ ጉድ ነው ሲል ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2019 መጨረሻና በ2020 መጀመሪያ፣ ተደገመ። በደረጃ 3 ሥዕላችሁ ላይ ሁለቱንም በዓይናችሁ ታገኟቸዋላችሁ፣ ቀዩን ጥብጣብ መሀሉ ላይ የቆረጡ ሰማያዊ ቁራጮች ናቸው።

ለስሌታችሁ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በእነዚህ ጊዜያት ከ10 ወደ 30 የሚደረገው የ7 ወር ጉዞ ስለተበጠሰ፣ በሁለት ደረጃ የሠራችሁት ሪግሬሽን ለነፋሱ የሚሰጠው ድርሻ ሊዛባ ይችላል። የ2016ንና የ2020ን ወራት ለይታችሁ ምልክት አድርጉ፤ አንዴ ጨምራችሁ፣ አንዴ አውጥታችሁ አስሉ። ሁለቱ ውጤቶች ከተቀራረቡ ቀጥሉ። ከተራራቁ የ40 ሄክቶፓስካሉን ነፋስ ሦስተኛ አድርጋችሁ አስገቡና እንደገና ሞክሩ፤ ያም ካልሠራ ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን ጻፉ።